የመካኒሳው ዴክ የአንድ ሳምንት ፈተና

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጫማ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ሌላው ሰው ጥሩ ነው ብሎ ያሳለፈውን ጫማ እቀበልና፣ ጥሩ መሆኑን በእጄ እስካረጋግጥ ድረስ አላምንም። ሶሉን አጥፋለሁ፣ ስፌቱን በጥፍሬ እሞክራለሁ፣ ውስጡን አሸታለሁ። ጡረታ ስወጣ መታወቂያዬን አስረከብኩ እንጂ ጠባዬን አላስረከብኩም። ባለቤቴ ቲማቲም ገዝቶ ሲገባ ፌስታሉን ዘርግፌ አንድ በአንድ ሳገላብጥ ያየኝና፣ "አንቺ፣ ጡረታ የወጣሽ መስሎኝ!" ይለኛል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ ለእሱ መኪናው ደህና ነው።

ስለዚህ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም በር ለበር የምንኖረው ጎረቤቴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ ስትገባ፣ ለምን እኔ ዘንድ እንደመጣች ገባኝ። ላፍቶ ገበያ ላይ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል እበልጣታለሁ፤ እትዬ ትለኛለች። ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለቱን ሴት ልጆቿን ያሳደገችው ብቻዋን ነው፤ ትልቋ አሁን ታጭታለች።

ቆርቆሮውን ከፈተችው። ውስጡ በአረንጓዴ ሻሽ የተጠቀለለ የቪዲዮ ካሴት ነበር።

"የሰርጌ ነው" አለችኝ። "እሱ ከሞተ በኋላ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ አቅሙን አጣሁ። በኋላ አቅሙን ሳገኝ ዴኩ ተበላሸ።"

"ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?"

"ትልቋ ናት። ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብለን ስለ ሰርጓ ስናወራ፣ 'እማ፣ እኔኮ የአባቴን ድምፅ አላስታውሰውም' አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነበር እኮ ሲሞት፤ ታስታውሳለች ብዬ ነበር። ትንሿማ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ጭራሽ አታውቀውም።"

ካሴት ወደ ዲስክ የሚገለብጥ ሱቅ ሄዳም ነበር። ባለሱቁ ትሁት ሰው ነው፤ ካሴቱን ትተሽ በሳምንት ተመለሺ አላት። እጇ አልለቀቀውም። አመስግና፣ ካሴቷን ይዛ ወጣች።

"ሰርጌን የማላውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ሲያየው አስቢው፣ እትዬ። ደግሞ ቢጠፋስ? አንድ ነው ያለኝ።"

እኔም ሰባት ካሴት አለኝ። የሰርጌ፣ የልጄ ክርስትና፣ የእናቴ ሰባኛ ዓመት። ሁሉም ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። የዚያን ቀን ወሰንኩ። በአንድ በኩል ካሴት፣ በሌላ በኩል ዲቪዲ የሚያስገባ፣ ከካሴቱ ወደ ዲስኩ ራሱ የሚቀዳ ዕቃ እንዳለ አውቃለሁ። አንዱን ፈልጌ፣ ፈትኜ፣ ካለፈ ቤቴ አስገባለሁ።

ባለቤቴ ሲሰማ ሳቀ። "ይሄ ሁሉ ልፋት ምንድነው? ዴክ ተበድሮ ቴሌቪዥን ላይ ከፍቶ በስልክ መቅረጽ ነው!"

"በስልክ የተቀረጸ ቴሌቪዥን አይተሃል? ጥቁር መስመር እየወጣ እየወረደ፣ መሃል ላይ ደግሞ የአንተ ሳል።"



የመጀመሪያውን ዕቃ ያገኘሁት ሳር ቤት አካባቢ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ሱቅ ነው። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ብርማ ነው፣ ጭረት የለውም። ሻጩ ፊቱን እየወለወለ ሲያሳየኝ እኔ አዞርኩት። ዕቃ የሚመረመረው ከጀርባው ነው። ከሶኬቱ ገመድ አጠገብ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ አንድ መቶ አሥር ቮልት ትላለች።

"ከአሜሪካ የመጣ ኦሪጅናል ነው" አለኝ። "ትራንስፎርመር ገዝተሽ ትሰኪዋለሽ።"

"ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያስተካክልልኛል። ቀለሙንስ ማን ያስተካክልልኛል?"

የእኛ አገር ካሴቶች የሚቀረጹበት ዘዴ ከአሜሪካው ይለያል። የዚያ አገር ዴክ የእኛን ካሴት ሲያጫውት ምስሉ ቀለም አልባ ሆኖ ይንከባለላል። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በፊት አማቴ ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ወደ ላይ ሲሸሽ አንድ ከሰዓት ሙሉ አይተናል። ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ፣ እኔም ደህና ዋል ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛውን ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። ባለቤቱ መካኒሳ አቦ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ጎረቤቴ ሱቋን ለትንሿ ልጇ ትታ አብራኝ መጣች። እሳቸው በር ላይ ተቀበሉን። ሳሎናቸው ንጹሕ ነው፤ ዴኩ በጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸው ነው። ጀርባውን አየሁ፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ የሁሉንም አገር ካሴት ይቀበላል። ቦርሳዬን ከፍቼ ካሴት፣ ባዶ ዲስክ፣ ጫፎቹ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሆኑ ገመድ ሳወጣ ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ይሠራል ብዬ ጽፌያለሁ እኮ" አሉ። "አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ። ዋሽቼ አላውቅም።"

"እርስዎ አይዋሹም፣ ጋሼ። ዕቃ ግን ይዋሻል።"

ጎረቤቴ በክርኗ ነካችኝ፤ አፈረች። እሳቸው ግን ትንሽ አዩኝና ሳቁ። "ተማሪዬ ብትሆኚ ኖሮ መከራዬን ታሳዪኝ ነበር" አሉ። ቀጥለው ያሉት ያልጠበቅሁትን ነው። "በግማሽ ሰዓት የሚፈተን ተማሪ የለም። ለሳምንት ውሰጂው። ካለፈ ትከፍይኛለሽ፣ ከወደቀ ትመልሺልኛለሽ።"

መታወቂያዬን ላስይዝ ስል እጃቸውን አወናጨፉ። ዴኩን አቅፌ ወጣሁ፤ ጎረቤቴ ሪሞቱን ይዛ ተከተለችኝ።

እኔ አንድ ሕግ አለኝ። ዕቃ በምትወደው ነገር አይፈተንም። ስለዚህ መጀመሪያ የገባው የእኔም የእሷም ካሴት ሳይሆን ባለቤቴ ድሮ ከቴሌቪዥን የቀረጸው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው።

"ኳሱን?" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። "ቢበላውስ?"

"ሃያ ዓመት አላየኸውም።"

"ጠልቼው ነው? ዴክ ስለሌለ ነው እንጂ!"

ካሴቱ ገባ። ውስጡ ኪሽ ኪሽ አለ፣ ቆመ፣ ከዚያ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። አጫወትኩት፣ አቆምኩት፣ ወደፊት አጠነጠንኩት፣ ወደኋላ መለስኩት፣ አወጣሁት፣ ክሩን በባትሪ አየሁት። የተጨማደደ የለም። ይህንን አምስት ጊዜ ደጋገምኩ። ባለቤቴ ከሦስተኛው በኋላ ለምኖኝ፣ ጨዋታውን ዳር እስከ ዳር ቁጭ ብሎ አየው።

"ማን እንደሚያሸንፍ እያወቅህ?"

"ረስቼዋለሁ፣ ዝም በይ።"

ማጫወቱን አለፈ። ቀጥሎ መቅዳቱ ነው። የልጄን ክርስትና አስገባሁ፣ በሌላኛው በኩል ባዶ ዲስክ፣ ቀጥሎም የመቅጃውን ቁልፍ። እዚህ ላይ የሚያቻኩሉት ነገር የለም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሲያልቅ ዲስኩን እዚያው ዴኩ ላይ ከፈትኩት። ጥርት ያለ ነው። በኩራት ይዤው በሩን ተሻገርኩና የጎረቤቴ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ከተትኩት።

ማጫወቻው አሰበ። አሰበና "ዲስክ የለም" የሚል ጽሑፍ አወጣ።

"እትዬ፣ ባዶ ነው እንዴ?" አለች ትንሿ ልጅ።

ፊቴ ጋለ። ማለፉን ለብሎኩ ግማሽ ያህል ሰው ነግሬ ነበር። ቤቴ ተመልሼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ በሪሞቱ ምናሌውን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት። ዲስኩ ከተቀዳ በኋላ የሚዘጋበት ትእዛዝ አለው ለካ። ካልተዘጋ የሚያነበው የቀዳው ዴክ ብቻ ነው፤ ሌላው ማጫወቻ ባዶ ይመስለዋል። ጫማ ሰፍቶ ክሩን ሳይቋጥሩ እንደመተው ነው። ዘጋሁት፣ ጥቂት ደቂቃ ፈጀ፣ መልሼ ወሰድኩት። ልጄ በነጭ ልብስ ሲያለቅስ በጎረቤቴ ቴሌቪዥን ወጣ። ትንሿ ልጅ አጨበጨበች። እኔ ግን ለራሴ አንድ ነጥብ ቀነስኩ፤ ሳላረጋግጥ አውርቼ ነበርና።

ቀጥሎ የእሷ ካሴት መጣ። በባትሪ ሳየው የክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ።

"ምንድነው?" አለች።

"ሻጋታ ነው። እንዲህ እንዳለ ካስገባነው ዴኩንም ያበላሻል፣ ካሴቱንም ይበላዋል።"

"ስለዚህ አለቀለት?"

"ማን አለሽ? እናጸዳዋለን።"

ይህን ስል እርግጠኛ ነበርኩ። ካሴት መክፈት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ድሮ ዴክ በነበረን ጊዜ የተበላ ክር የምጠግነው እኔ ነበርኩ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥን። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ አፋችን ላይ አደረግን። አምስቱን ብሎን በካቻቢቴ ፈታሁ። ክሩ ከተጠቀለለባቸው ሁለት ጎማዎች አንዱን በእጄ ቀስ እያልኩ ሳዞር፣ እሷ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ በሁለት ጣቷ ይዛ ክሩን ታሳልፋለች። እንዳትጫነው ነገርኳት፤ ሕፃን እንደምታብስ አድርጋ ያዘችው። ጨርቁ ሲቆሽሽ እንቀይራለን።

በሁለተኛው ቀን ስለ እሱ ማውራት ጀመረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ባሏ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ነግራኝ አታውቅም።

"ዝምተኛ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ። "ልጆቹንም እንደዚያ ነው የምነግራቸው። ከሥራ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይሰግዳል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ዝም።"

ንጹሑን ክር ወደ ሌላ የድሮ ካሴት ባዶ ቀፎ አዛወርኩና ብሎኖቹን መልሼ አሰርኩ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱም ቤቴ መጡ። ትልቋ የታጨችው ልጅ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ትንሿ ምንጣፉ ላይ፣ እናታቸው ከእኔ አጠገብ። ባለቤቴ ልውጣ ሲል ጎረቤቴ፣ "ጋሼ፣ አንተ የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ" አለችው። እየቀዳን እናየዋለን፤ ሌላ መንገድ የለውም። ካሴቱን አስገባሁ። ውስጡ ሲንቀሳቀስ አምስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ እኔ እንኳ።

ምስሉ መጀመሪያ ተወላገደ፣ ከዚያ ተስተካከለ። የገጠር ግቢ፣ እንሰት፣ ዳስ። ሴቶች በእልልታ ያልፋሉ። ቀለሙ ትንሽ ወደ ቀይ ያዘነብላል እንጂ ፊት ሁሉ ይለያል። ጎረቤቴ እየጠቆመች ትናገር ጀመር፤ ይህች አክስቴ ናት፣ ያ ፉሪ ሰፈር የሚኖረው አጎታችሁ ነው፣ ያኔ ቀጭን ነበር። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ካሜራው ወደ ዳሱ ገባና አንድ ረጅም ወጣት ላይ ቆመ። ነጭ ሸሚዝ፣ ሰፊ ግንባር። ትልቋ ልጅ እጇን ወደ ራሷ ግንባር ወሰደች።

ወጣቱ ካሜራውን አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ።

መብራት ሄደ።

ባለቤቴ አጉረመረመ። ትንሿ ልጅ "ኧረ በአላህ!" ብላ መሬቱን መታች። እኔ ዴኩ ጋ ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ መብራት ሲመለስ በኃይል እንዳይመታው ነው። "ካሴቱ ደህና ነው" አልኳቸው። "ዲስኩ ነው የተበላሸው፤ ባዶ ዲስክ ሞልቶኛል። ማንም አይንቀሳቀስ።"

አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። በረንዳው ተከፍቶ የከሰዓቱ ብርሃን ይገባል። ሻይ በጋዝ አፈላሁ። ልጆቹ እናታቸውን በጥያቄ ወጠሯት።

"እማ፣ ምን ሊል ነበር?"

"ምን ይላል? ምንም። አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ነገርኳችሁ እኮ፣ ዝምተኛ ነው።"

"ሊናገር ነበር፣ አይቼዋለሁ" አለች ትልቋ።

"ሊያዛጋ ይሆናል" አለች እናትየው፤ ሁላችንም ሳቅን።

መብራቱ ሲመለስ ኃይሉን የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር እስኪረጋ ጥቂት ጠብቄ ሰካሁ። አዲስ ዲስክ አስገባሁ፣ ካሴቱን ትንሽ ወደኋላ መለስኩ። ዳሱ፣ ረጅሙ ወጣት፣ ነጭ ሸሚዝ። አፉን ከፈተ።

"እኔን ተወኝና ሙሽራዋን አንሣ!" አለ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣው ካሜራማን በአማርኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እኔ ነገም አለሁ፤ እሷ ግን ዛሬ የለበሰችውን ነገ አትለብሰውም!"

ዳሱ በሳቅ ሞላ። እሱ ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ከዚያ የካሜራማኑን ትከሻ ይዞ ወደ ጭፈራው ጎተተው፤ ምስሉ ተናወጠ፣ ጣሪያ ታየ፣ እግር ታየ፣ በመሃሉ የሙሽራው ድምፅ ከሁሉም በላይ እየጮኸ ግጥም ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። አንዱን ሽማግሌ ጎትቶ አስነሣ። አንዲት አሮጊት በቀልድ በከዘራ አባረረችው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፉ አልተዘጋም።

ትልቋ ልጅ እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ ወደ እናቷ ዞረች። "እማ፣ ዝምተኛ ያልሽን ይሄን ነው?"

ጎረቤቴ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ነበር። ሻሹን ለቀቀችው። ከዚያ፣ "ወላሂ ረስቼው ነው" አለች። "እንዲህ ነበር ለካ። እንዲህ ነበር! ዝም ያለው በኋላ ነው፣ ሲታመም። ሦስት ዓመት ታመመ። እኔ ይዤ የቀረሁት የታመመውን ነው።"

ትንሿ ልጅ ከምንጣፉ ተነሥታ እናቷ ጭን ላይ እንደ ሕፃን ተቀመጠች፤ ሃያ ዓመት አልፏታል። ባለቤቴ ባዶዎቹን የሻይ ብርጭቆዎች ይሰበስብ ጀመር። እኔ የዴኩን ሰዓት አየሁ። መቅዳቱን ቀጥሏል፤ ቀይዋ መብራት አልጠፋችም።

ዲስኩ ሲያልቅ ዘጋሁት። ሦስት ቅጂ አወጣሁ፣ ሦስቱንም በእነሱ ማጫወቻ ሞከርኩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ያስረከብኩት። አንዱን ትልቋ ልጅ ፉሪ ላለው አጎቷ ወሰደችለት። እሱም በማግሥቱ ለጎረቤቴ ደውሎ፣ "እኔን እንዲያ ቀጭን አድርጋችሁ ለሰው አታሳዩ" ብሎ ሲስቅ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ስልኩን ሳይሰናበት ዘጋው።

በሰባተኛው ቀን መካኒሳ አቦ ተመለስኩ። መምህሩ በሩን ከፍተው፣ "እህ፣ ውጤቱን ልስማ" አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰዓቱ መብራት በሄደ ቁጥር ዜሮ ላይ ይመለሳል። የሪሞቱ ሁለት ቁልፎች በጥፍር ካልተጫኗቸው አይሠሩም። የዲስኩ መሳቢያ ሲወጣ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንድ ርካሽ ዲስክ ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም። ከቴሌቪዥን ለመቅረጽ የተሠራለት ክፍል ዛሬ ለማንም አይጠቅምም፣ ሁሉም ሰው ዲሽ ነው ያለው። ዲስክን መዝጋት እንደሚያስፈልግ ደግሞ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።

"እኔም አላውቅም ነበር" አሉ። "ለዚያ ነው የእኔ ዲስኮች ልጆቼ ቤት የማይከፈቱት!"

"ካሴት ሲያጫውት ግን እጁ ለስላሳ ነው። አንድም ክር አልበላም። አልፏል፣ ጋሼ። እወስደዋለሁ።"

ከፈልኳቸውና ተጨባበጥን። ዲስኮቻቸውን በሌላ ቀን ይዘውልኝ እንዲመጡ፣ እኔው እንደምዘጋላቸው ነገርኳቸው።

አሁን ዴኩ ከቴሌቪዥኑ ሥር ነው። የራሴን ሰባቱን ጨርሻለሁ። ዲስክም እንደሚያረጅ ስለማውቅ ልጄ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይና ፍላሽ ላይ ጭኖልኛል። ከብሎኩ ሦስት ቤተሰብ ካሴት ይዞ መጥቷል፤ አንዷ ሴትዮ ትተሽ ሂጂ ብላት ደስ ይላት ነበር፣ ሥራ አለባት። እምቢ አልኳት። የካሴቱ ባለቤት ሳይቀመጥ እኔ አልቀዳም፤ ሶፋው ሰፊ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት መጥታ ትቀመጥ።